እንጦጦ ላይ እውነት «ወፍ የለም»?

ጥያቄው የመጣው ግንፍሌ አካባቢ ከሚኖሩ አንዲት እናት ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ተወልጄ ያደግሁት አራት ኪሎ ነው። ልጆች ሳለን ጠዋት የሚቀሰቅሰን የወፍ ጫጫታ ነበር። አሁን እሑድ እሑድ ከልጄ ጋር እንጦጦ እንወጣለን። ደኑ አረንጓዴ ነው፤ ያምራል። ወፍ ግን አይታየኝም። ድምፁም የለም። ዛፉ እያለ ወፎቹ የት ሄዱ? መመለስስ ይቻላል? አንድ ነገር ልጨምር። ልጄ በአታ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ክንፉ ደም የመሰለ አረንጓዴ ወፍ አየሁ ይለኛል። እንዲህ ያለ ወፍ አለ ወይስ እያታለለኝ ነው?»

የልጅዎን ጉዳይ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። እስከዚያ ግን አይቆጡት።

መጀመሪያ እኔ ልጠይቅዎት። እሑድ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚወጡት? ቁርስ ተበልቶ፣ ታክሲ ተጠብቆ፣ 4 ሰዓት አካባቢ ከሆነ ረፍዷል። ወፎች በብዛት የሚዘምሩት ጎህ ሲቀድ ነው። የድሮ ሰዎች «ወፍ ሳይንጫጫ» እያሉ ሰዓት የሚቆጥሩት ወደው አይደለም። ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ደኑ ገበያ ነው። ፀሐይዋ ስትበረታ አብዛኞቹ ጥላ ውስጥ ገብተው ጭጭ ይላሉ። ስለዚህ ከጸጥታው ከፊሉ የሰዓት ጉዳይ ነው።

ከፊሉ ደግሞ የወር ጉዳይ ነው። የመስቀል ወፍን ያስቡ። በዓመት አንዴ ብቅ የሚልን ዘመድ «የመስቀል ወፍ ሆንክብን» እንለዋለን። ወፉ ግን የትም አልሄደም። በዚህ ስም ከምንጠራቸው ወፎች ብዙዎቹ ወንዶቹ በመራቢያ ወቅት ብቻ ደማቅ ላባ የሚለብሱ ናቸው። ወቅቱ ሲያልፍ ያንን ጥለው እንደ ሴቶቹ ቡናማ ይሆናሉ። ዓመቱን ሙሉ አጠገባችን የሣር ፍሬ ይለቅማሉ፤ እኛ ድንቢጥ ናት ብለን እናልፋቸዋለን። በሌላ በኩል እውነተኛ መንገደኞችም አሉ። የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው መስከረም አካባቢ መግባት ይጀምራሉ። እዚህ ከርመው መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ይመለሳሉ። እነዚህን ሐምሌ ላይ እንጦጦ ወጥተው ቢፈልጓቸው፣ በአራዳ ልጅ ቋንቋ፣ ወፍ የለም።

ይህን ሁሉ ከቀነስን በኋላ ግን የሚተርፍ ነገር አለ። እዚያ ላይ ልክ ነዎት።

«ወፍ ቀነሰ» ሲባል የቁጥር ሊሆን ይችላል፤ የዓይነትም ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ለየብቻ ናቸው። አራት ኪሎ ላይ ቆመው ቀና ቢሉ ጭልፊት አያጡም። ጣሪያ ላይ ርግብ ሞልቷል። በነገራችን ላይ ከነዚያ ርግቦች ውስጥ ማጅራቷ ላይ ነጭ አንገትጌ የመሰለ ምልክት ያላት አለች። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ በዓለም ላይ የትም የለችም። ሰው እሷን ለማየት አውሮፕላን ተሳፍሮ ይመጣል፤ እኛ ከበረንዳችን እናባርራታለን። ጋጋኖም እንደዚያው ነው። ጉሮሮው ላይ ትንሽ ሥጋ የተንጠለጠለለት፣ ጠዋት በቡድን እየጮኸ ቆርቆሮ የሚያነቃንቀው ወፍ አገሩ ኢትዮጵያና ኤርትራ ብቻ ነው። እርስዎን በልጅነትዎ ይቀሰቅስ የነበረውም እሱ ይመስለኛል።

ጋጋኖ እርጥብ ሣር ላይ ትልና ነፍሳት እየለቀመ ይኖራል። የታጨደ ሜዳም ይበቃዋል። ቁራ የሰው ትራፊ ይበላል። ርግብ የኮንክሪት ሕንፃን እንደ ገደል ትቆጥረዋለች። እነዚህ ከኛ ጋር ተላምደዋል። የሚቸገሩት ከደን ውጭ ኑሮ የማያውቁት ናቸው። እነሱ አንድ በአንድ ሲወጡ የተላመዱት ቦታውን ይይዛሉ። የወፉ ብዛት ሳይነካ ዓይነቱ ያልቃል። ለዚህ ነው ሰው ቶሎ የማይነቃው።

«ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል» ይባላል። ተረቱ ስለ ሰው ነው፤ ለኔ ግን የሙያዬ አንደኛ ትምህርት ነው። አገሩ ሲለወጥ የሚጮኸውም ይለወጣል።

የእንጦጦ አገር መቼ ተለወጠ? ከተማዋ ሳትቆረቆር በፊት የዚህ ተራራ ዛፍ ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ጥቁር እንጨት ነበር። አፄ ምኒልክ መጀመሪያ እንጦጦ ላይ፣ ቀጥሎ ታች አዲስ አበባ ሲሰፍሩ ሠራዊቱም ሕዝቡም የሚያነደው ይኸንኑ ነበር። እንጨቱ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ እጥረቱ ከመባባሱ የተነሳ ንጉሡ ዋና ከተማውን በስተ ምዕራብ ወዳለችው አዲስ ዓለም ለማዛወር ግንባታ እስከማስጀመር ደርሰው ነበር። ያዳነን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። በ1890ዎቹ ገብቶ በጥቂት ዓመታት ተራራውን ሸፈነው። ስለዚህ ባሕር ዛፍን የሚሰድብ ሰው ሲያጋጥመኝ በመጠኑ እበሳጫለሁ። እሱ ባይኖር አራት ኪሎ የሚባል ሠፈርም ላይኖር ይችል ነበር።

ለወፍ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ቅጠሉ ዘይታም ነው። የኛ አገር ነፍሳት ብዙም አይበሉትም። አባጨጓሬ ከሌለ ጫጩት የሚቀለብበት የለም። ፍሬው ደረቅ ነው፤ የሚዋጥ ሥጋ የለውም። ወጣት ሳለ ስለሚቆረጥም ግንዱ ላይ ጎጆ የሚሆን ጉድጓድ አይኖረውም። ሁሉም አሉታዊ እንዳይመስልዎት፤ ሲያብብ ረጅም ምንቃር ያላቸው ማር መጣጭ ወፎች ይሻሙበታል። ረጃጅሞቹ ላይ ጭልፊትና ጥንብ አንሳ ያድራሉ።

ደንን እንደ ኮንዶሚኒየም ይዩት። ምድር ቤቱ የረገፈ ቅጠል ነው። ቆቅ እሱን እየጫረች ትበላለች። አንደኛ ፎቅ ቁጥቋጦው ነው፦ ቀጋ፣ አጋም፣ ክትክታ፣ አጣጥ። ትናንሾቹና ድምፀ መልካሞቹ የሚኖሩት እዚያ ነው። ከዚያ በላይ አምፋርና ኮሽም፣ ከሁሉም በላይ ጽድና ዝግባ። እያንዳንዱ ፎቅ የራሱ ተከራይ አለው። ተራ የባሕር ዛፍ ተክል ደግሞ ጣሪያው ተሠርቶ ወለሎቹ የተረሱ ሕንፃ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ያው አረንጓዴ ነው። ውስጡ ገብተው ቀና ሲሉ ግን መሐሉ ባዶ ነው። እርስዎ እሑድ የሚሰሙት ጸጥታ ያ ባዶ ወለል ነው።

ምድር ቤቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ማንም አያነሳውምና። የረገፈውን ቅጠልና ጭራሮ ጠርገው በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ያላየ አዲስ አበቤ የለም። እነሱን ለመውቀስ አይደለም፤ የእለት እንጀራቸው ነው። ብዙ ቤት ያበሰለው ያ ሸክም ነው። ይሁን እንጂ ቅጠሉ በተጠረገ ቁጥር ከሥሩ ያለው ትልና ጥንዚዛም አብሮ ይሄዳል። መሬቱ ይደርቃል። መሬት ጭሮ የሚበላ ወፍ ባዶ ሳህን ላይ ይቀመጣል። ለዚህ መፍትሔው የወፍ ባለሙያ አይደለም፤ እንጀራ የሚጋገርበት ርካሽ ኤሌክትሪክና ለሴቶቹ ሌላ ገቢ ነው።

አንደኛ ፎቅ ላይ ደግሞ ጠላቱ ንጽሕና ነው። እውነቴን ነው። እኛ ከተሜዎች ቁጥቋጦ ስናይ እባብ፣ ሌባ፣ ቆሻሻ ይታየናል። ግቢ ሲያምር «ጸዳ» እንላለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት መሐል ከተማ ባለ አንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ (ስሙ ይቅር) የምከታተላት አንዲት ወፍ ነበረች። ደረቷ ብርቱካናማ፣ ቅንድቧ ነጭ፣ የሌላውን ወፍ ድምፅ ሁሉ የምትቀዳ። ቁጥቋጦ ሥር ጎጆ ሠርታ ነበር። ለአንድ ሳምንት ክፍለ ሀገር ወጥቼ ስመለስ ቦታው ጸድቶ፣ አበባ በመስመር ተተክሎ፣ ዙሪያው ነጭ ድንጋይ ተደርድሮ ጠበቀኝ። አትክልተኛው «እንዴት ነው፣ አማረ?» አለኝ። አዎ አልኩት። ምን ልበለው?

የደረቀ ዛፍም እንዲሁ ነው። ደርቆ የቆመ ግንድ ስናይ ማገዶ ይታየናል። ለግንደ ቆርቁር ግን ቤት ነው። ግንደ ቆርቁር ፈልፍሎ ይኖርበትና ጥሎት ይሄዳል። ከዚያ ጥቁር ሆና ጀርባዋ ነጭ የሆነው ትንሽ ወፍ ትገባበታለች። አለዚያም ትንሿ በቀቀን። የኛ ደጋ የራሱ በቀቀን እንዳለው ያውቁ ነበር? አረንጓዴ ናት፤ ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው። እሷም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ አገር የላትም። ራሷ ዛፍ መፈልፈል አትችልም። ያረጀ ዛፍ የሌለበት ደን ለሷ ቁልፍ የሌለው ቤት ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ግን የሚከተለው ነው። የጽድና የወይራን ፍሬ የሚዘራው ዋነኛው ገበሬ ወፍ ነው። ፍሬውን ይውጣል፣ ሥጋውን ይፈጫል፣ ዘሩን ሌላ ቦታ ይጥላል። ጥቁር እንጨትም ሾላም እንደዚያው። ማረፊያ ቅርንጫፍ ባለበት ሁሉ ከሥሩ ዘር ይወድቃል። ባሕር ዛፍ ላይም ያርፋል። ስለዚህ ያልተጠረገ፣ የሳሳ የባሕር ዛፍ ተክል ውስጥ ቢገቡ ማንም ያልተከለው የጽድና የወይራ ችግኝ ሊያገኙ ይችላሉ። ደኑ ወፍ ሲያጣ ዘሪውን ያጣል። ዘሪ ሲያጣ ነገ የወፍ ምግብ የሚሆነውን ዛፍ ያጣል። ክርክሩ ወፍ ይቅደም ዛፍ ይቅደም ሳይሆን ሁለቱን አንድ ላይ ማስጀመር ነው።

ድምፅም አለ። መናፈሻ ውስጥ ትልቅ ስፒከር ይዞ የሚገባ ወጣት አይተዋል? ወፍ ድንበሩን የሚያስከብረውም ሚስት የሚጠራውም በድምፅ ነው። በአውሮፓ ከተሞች የትራፊክ ጫጫታ በበዛበት የሚኖሩ ወፎች ዘፈናቸውን ወደ ቀጭን ድምፅ እንደሚለውጡ ታይቷል። መለወጥ የማይችለው ቦታውን ይለቃል።

ስለ ጥንብ አንሳም ጥቂት ልበል፤ ከደኑ ቢወጣም የከተማው ወፍ ነው። ራሱ ላይ ላባ የሌለው፣ ቄራ አካባቢ የሚያንዣብበው ትንሹ ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ገብቷል። እኛ ጋር ስላልጠፋ የትም ያለ ይመስለናል። ዋናው ገዳዩ መርዝ ነው። ለውሻና ለጅብ የተቀመጠ መርዝ የሞተውን የሚበላውንም ይገድላል። በህንድና በአካባቢዋ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ጥንብ አንሳዎች ያለቁት ዳይክሎፌናክ የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ለከብት ስለሚሰጥ ነበር። የታከመው ከብት ሲሞት በድኑን የበላው ጥንብ አንሳ ኩላሊቱ ይከሽፋል። ህንድ መድኃኒቱን ለከብት መስጠትን በ2006 ከለከለች። የእንስሳት ሐኪም ዘመድ ካለዎት ይህን ይንገሩልኝ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ። መመለስ ይቻላል ወይ? ይቻላል፤ ግን ብዙ ሰው በሚያስበው መንገድ አይመስለኝም።

ባሕር ዛፉን በአንድ ጊዜ ነቅሎ መጣል መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ። ተዳፋቱ ባዶ ሲቀር ክረምት አፈሩን ይዞት ቀበናና ግንፍሌ ወንዝ ውስጥ ይጨምረዋል። ጉቶውም ተመልሶ ያቆጠቁጣል። የሚሻለው በየተራ ማሳሳት ነው። ብርሃን ሲገባ ከሥሩ ያለው አገር በቀል ችግኝ ይነሳል፤ ጎዶሎውን በእጅ መሙላት ነው። ረጃጅም ያረጁትን ጥቂቶች ለማደሪያ መተው። የደረቀውን ሁሉ አለመቁረጥ። ከተራራው በስተ ምዕራብ ያለው የጉለሌ እፅዋት ማዕከል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት ነው። 705 ሄክታር ስፋት አለው። ልዩነቱን በጆሮዎ ለመስማት አንድ ጠዋት አገር በቀል ዛፍ ባለበት በኩል ይግቡ። ከዚያ በማግስቱ ባሕር ዛፍ ብቻ ያለበት ቦታ በዚያው ሰዓት ይቁሙ።

ስንተክልም ቁጥር ብቻ አንቁጠር። ስንት ሺህ ችግኝ ተተከለ የሚለው ዜና ይሆናል፤ ወፍ የሚጠይቀው ግን የትኛው ዛፍ በየትኛው ወር ያፈራል የሚለውን ነው። አንዱ ሲጨርስ ሌላው መጀመር አለበት። አለዚያ ዓመቱ መሐል ላይ ረሃብ አለ። ደግሞ ሁሉም ቦታ ዛፍ አይተከልም። ከእንጦጦ ጀርባ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ጉሮሮዋ ቢጫ የሆነች፣ ሣር ውስጥ የምትኖር ወፍ አለች። እሷም የኢትዮጵያ ብቻ ናት። ሜዳው ላይ ዛፍ ብንሞላበት «አረንጓዴ አለበስን» ብለን እሷን እናስወጣታለን።

ይህ ሁሉ አዲስ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር የተመሠረተው በ1966 (እ.ኤ.አ.) ነው። በ1996 ለወፎች ወሳኝ የሆኑ 69 የአገሪቱን ቦታዎች መዝግቦ አውጥቷል፤ እንጦጦም ከወሳኞቹ ቦታዎች አንዱ ሆኖ ይታወቃል። የቆየ ዕውቀት አለን። ደን ማስተላለፍም ልማዳችን ነው። መናገሻ ያለውን የጽድ ደን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ሰሜን ሸዋ ካለው ወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። የዘሩ መገኛ ስም ራሱ «ወፍ ዋሻ» መሆኑ ሁልጊዜ ያስቀኛል።

እርስዎስ ከግንፍሌ ሆነው ምን ሊያደርጉ ይችላሉ? የመጀመሪያው መቁጠር ነው። ቀላል ነው። አንድ ቦታ ይምረጡ፤ በረንዳዎም ቢሆን። በሳምንት አንድ ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ ለ10 ደቂቃ ይቀመጡ። ያዩትንና የሰሙትን ይጻፉ። ስሙን ካላወቁ «ቡናማ፣ ጅራቱ ረጅም፣ ከአጥር ሥር» ብለው ይጻፉ። ቁም ነገሩ ሰዓቱንና ቦታውን አለመቀየር ነው። ሁለት ዓመት ከቀጠሉ «ድሮ ብዙ ወፍ ነበር» የሚለው ስሜት ማስረጃ ይሆናል። ስልክ የሚወድ ልጅ ካለዎት ኢበርድ የተባለው ነፃ መተግበሪያ ላይ ይመዝግብልዎት። እዚያ የገባ መረጃ ተመራማሪዎች ይጠቀሙበታል።

ሁለተኛው ወንዙ ነው። ግንፍሌም ቀበናም ከእንጦጦ ወርደው መሐል ከተማ ይገባሉ። ለወፍ ያ ወንዝ ከተራራው ወደ ከተማው የሚያወርድ የእግር መንገድ ነው። ዳርቻው ላይ ቁጥቋጦ ከቀረ ትንንሾቹ የደን ወፎች ከጥላ ጥላ እየዘለሉ እርስዎ ጓሮ ሊደርሱ ይችላሉ። ሙሉ በሙሉ በድንጋይ ከተለበጠ ግን አይወርዱም። የሠፈር ስብሰባ ላይ «ይጽዳ» ሲባል እጅዎን ያውጡና «ቆሻሻው ይነሳ፣ ቁጥቋጦው ይቆይ» ይበሉ። ጥቂት ሰው ይስቅብዎት ይሆናል።

ጓሮ ካለዎት እሬትና ራስ ክምር ይትከሉ፤ ማር መጣጮቹ አድራሻውን ራሳቸው ያገኙታል። ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ውሃ ያስቀምጡ፤ በየቀኑ ይቀይሩት። ድመትዎን ጎህ ሲቀድ ቤት ይያዙልኝ።

ወደ ልጅዎ። ልጁ አልዋሸም። ያየው ቱራኮ ነው፤ ጉንጩ ላይ ነጭ ያለበት። ሲቀመጥ ሰውነቱ አረንጓዴና ሰማያዊ ስለሆነ ቅጠል ውስጥ ይጠፋል። ሲበር ነው ክንፉ ደም የሚመስለው። ቀዩ ቀለም ውስጡ መዳብ አለበት፤ የብዙ ወፍ ቀይ ከሚበላው ምግብ ሲመጣ ይኸኛው ቀለሙን ራሱ ይሠራል። በአታ ግቢ ማየቱም አይገርመኝም። መሐል አዲስ አበባ ውስጥ ያረጀ አገር በቀል ዛፍ የቀረው በአብዛኛው ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ቤተ መንግሥትና ስድስት ኪሎ ግቢን በመሰሉ ቦታዎች ነው። ቱራኮ ፍሬ ፍለጋ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል፤ በደንብ መብረር አይሆንለትም።

አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። ወፉ ያረፈበት ዛፍ ፍሬው ግንዱ ላይ የተለጠፈ ነበር? ከሆነ ሾላ ነው። ሾላ ደግሞ ፍሬው እስኪያልቅ ድረስ ቱራኮው ይመላለስበታል። ቅዳሴ ሳይወጣ፣ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ልጁን ይዘው ዛፉ ሥር ይቁሙ። በዚያውም ይቅርታ ይጠይቁታል።